ለግድግዳው የተጠየቅሁት ጽሑፍ

ባለሀብቱ ካሊፎርኒያ፣ አልባኒ ወዳለው አፓርትመንቴ የመጣው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ ሸጉጦ ነበር። ባለሀብት የምለው እኛ ዘንድ እንደዚያ ስለሚባል ነው። በስደተኝነት ነው የመጣው፤ ሳን ሆዜ ታክሲ ነዳ፣ ቀጥሎ ለሽማግሌዎችና ለሕሙማን ቤት ለቤት ተንከባካቢ የሚልክ ድርጅት ከፈተ፣ ዛሬ ፕሌዘንተን ውስጥ ሰፊ ቢሮ አለው። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲታገል አያስፈልግም ብለውም አልሰማኝም፤ በካልሲ ገብቶ ፕላኑን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ እንዳይጠቀለልም ጫፎቹን በሻይ ብርጭቆና በመጻሕፍቴ ያዘው።

"ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ ቤት ገዝቻለሁ" አለኝ። "ድሮ የሶፋ ማደሻ ነበር። የአረጋውያን ማዕከል ላደርገው ነው። እዚህ አዳራሹ፣ እዚህ ኩሽናው፣ እዚህ ደግሞ ነርስ የምትቀመጥበት ክፍል። ምሳ በነጻ።"

ለምን እንደሚሠራው ሳልጠይቀው ነገረኝ። እናቱ ያረፉት ሳን ሆዜ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀን ቀን እሱ ሥራ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። "ነርሶቹ 'አንዲት ቃል እየደጋገመች ትጣራለች፣ የሰው ስም ሳይሆን አይቀርም' ይሉኝ ነበር" አለ። "ቃሏ ምንድን ናት ብዬ ስጠይቃቸው 'ውሃ፣ ውሃ' ትላለች አሉኝ።" ይህን ሲናገር ዓይኑን ከፕላኑ ላይ አላነሣም።

ቆይቶ ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ የነገሩን የህንድ ሱልጣን አለ አይደል? ሆስፒታል የሠራው?"

"አለ።"

"እሱን ልሁን ማለቴ አይደለም" አለና ፈገግ አለ። "ግን ቤቱ ሲያልቅ መግቢያው ግድግዳ ላይ እብነ በረድ አስለጥፋለሁ። የእናቴ ስም ይኖርበታል። የሚጻፈውን እርስዎ ይጻፉልኝ። በአማርኛ፣ አሳምረው።"

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጄ ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ወዳጆቼ ግማሾቹ ሳን ሆዜ የልጆቻቸው ቤት ውስጥ ሆነው፣ ልጆቹ ከሥራ እስኪመለሱ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። በስልክ እንገናኛለን፤ እየቆየ ስልኩም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ቤት ይሠራል የሚል ሰው ሲመጣ እኔም ራሴን ከአዳራሹ ወንበሮች በአንዱ ላይ አየሁት።

ሱልጣኑን እንዴት እንዳወቅሁት ልናገር። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ስማር ታሪክ ያስተማረን ህንዳዊ ነበር፤ ያኔ እንደሱ ያሉ መምህራን በየከተማው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የስኮላርሺፕ ዕድል ሲመጣ፣ ጓደኞቼ አውሮፓ ሲሉ እኔ ዴሊ አልኩ። ለማስተርስ ጥናቴ የያዝኩት ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት ዴሊን የገዛ አንድ ሱልጣን ነው። ይህ ሰው ቦይ እያስቆፈረ ደረቅ አገር ውስጥ ውሃ አስገብቷል። መድኃኒቱም ምግቡም ነጻ የሆነ ሆስፒታል ሠርቷል። ለድሃ አባቶች ሴት ልጆች የሠርግ ወጪ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነበረው። የከተማውን ሹም እየጠራ፣ ሥራ አጥተው የተቀመጡትን፣ በተለይም ችግራቸውን ለመናገር የሚያፍሩትን የጨዋ ልጆች ፈልገህ አምጣልኝ፣ ሥራ እሰጣቸዋለሁ ይል ነበር። በዚያ ላይ የሞቱ ሱልጣኖች የተዉትን መቃብርና ትምህርት ቤት አሳድሷል፤ የየባለቤቱንም ስም ጠብቋል። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ላይ ሆኜ፣ በፍርስራሾቹ መካከል እየዞርኩ፣ ስለዚህ ሰው የጻፍኩት ሁሉ ምስጋና ነበር።

አማካሪዬ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር አሮጊት ነበረች። ጽሑፌን አንብባ ስትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "አዲሱን ከተማ ሲሠራ ድንጋዩን ከየት አመጣው? መሬቱ ላይስ ማን ነበር?"

ተመልሼ መጻሕፍቱ ውስጥ ገባሁ። ድንጋዩ በብዛት የመጣው ከአሮጌዎቹ ከተሞች ፈርሶ ነው። መሬቱ ላይ መንደሮች ነበሩ። የሱልጣኑ ባሮች ብዙ ሺህ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ግንበኛና የእጅ ባለሙያ ሆነው የሠሩለት አሉ። የሠርጉ ገንዘብ ለሙስሊም ልጃገረዶች ነው፤ ሂንዱዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት ግብር ይከፍሉ ነበር፣ አንዳንድ መቅደሶቻቸውንም አስፈርሷል። ይህን ሁሉ አንድ ምዕራፍ አድርጌ ጨመርኩት። ኋላ በኦክላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የእስያ ታሪክ ሳስተምርም ያን ምዕራፍ ዘልዬው አላውቅም። ባለሀብቱ በሰማኝ ቀን ግን ስብሰባው የሽማግሌዎች ነበር፤ ምሳ ሊቀርብ ስለነበር በሆስፒታሉና በቦዩ ብቻ ጨረስኩ።

ባለሀብቱ ፕላኑን መልሶ እየጠቀለለ፣ "አንድ ነገር ብቻ አለ" አለኝ። "ከቤቱ በስተኋላ የሚኖሩ ሰውዬ አሉ። ስገዛው ተከራይ አለ ተብያለሁ፤ የእኛ አገር ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ሊያናግሩኝ አልፈለጉም። የሚመልሱልኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ፣ የተማሩ ሰው ይመስላሉ። ምናልባት እርስዎን ይሰሙ ይሆናል።"

በዚያው ሳምንት በመኪናው ይዞኝ ሄደ፤ እሱ ከውጭ ቀረ፣ እኔ በጎን በኩል ባለው በር አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ቀጠን ያሉ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ትንሽ አዩኝና በአማርኛ ተናገሩ።

"አውቅሻለሁ። የዚያ የሒሳብ ተማሪው ልጅ ሚስት ነሽ።"

"ነበርኩ፣ ጋሼ። ካረፈ ቆየ።"

"ሰምቻለሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እኔም አወቅኋቸው። ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ጥቂት ዓመት ይቀድሙ ነበር፤ የእርሻ ትምህርት ተማሪ ነበሩ። በአብዮቱ ዓመታት ወጣቱ ሲከፋፈል እሳቸው በአንዱ ወገን፣ ባለቤቴ በሌላው ሆኑ። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ደግሞ ከአገራችን ሰዎች ማኅበር ጋር ተለያይተው ለብቻቸው ቀሩ። በተማሩት ሥራ አላገኙም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ።

ሁለት ክፍል ነው ያላቸው። ቤቱን ሶፋ አዳሹ ነው ያከራያቸው፤ ሽማግሌ የሜክሲኮ ሰው ነበር። ኋላ እሱ ሲታመም ሾርባ የሚሠሩለት፣ ሱቁን ከፍተው የሚዘጉለት እሳቸው ሆኑ። ሲሞት ልጆቹ ከሌላ ስቴት መጥተው ሸጡት። መጻሕፍታቸው የተደረደረው ሶፋ አዳሹ በተዋቸው ሣንቃዎች ላይ ነበር። አልጋቸው ላይ የተነጠፈው ከሱቁ የተረፈ አረንጓዴ ከፋይ ነው።

"ሰውዬውን ለምን በእንግሊዝኛ ያናግሩታል?" አልኳቸው።

"በአማርኛ ካናገርኩት ጋሼ ይለኛል" አሉ። "ጋሼ ካለኝ በኋላ እምቢ ማለት ይከብደኛል።"

የላከኝ ባለሀብቱ መሆኑን አልደበቅኋቸውም። ጠበቃው ያዘጋጀውን የመልቀቂያ ውል አሳዩኝ። ቤቱን ለቀው ሲወጡ ገንዘብ ይከፈላቸዋል፤ ሕጉ ከሚያዘው በላይ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ተከራዩ ወደፊት ምንም ጥያቄ አላነሣም፣ ምንም ቅሬታም የለኝም ይላል የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር።

"ጥያቄ አላነሣም የሚለውን መፈረም እችላለሁ" አሉ። "ቅሬታ የለኝም የሚለውን ግን እንዴት ልፈርም? አለኝ እኮ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄድኩ። አንዳንዴ ለባለሀብቱ ጉዳይ፣ እየቆየ ደግሞ ለጨዋታው ብቻ። አንድ ቀን ምን ታስተምሪ ነበር ብለው ጠየቁኝና ስለ ሱልጣኑ አወራኋቸው። ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው እኔ እንኳ ረስቼው የነበረ ነገር ነው። ከሱልጣኑ በፊት የነገሠው የአጎቱ ልጅ ጨካኝ ነበር፤ ሰው ያስገድል፣ እጅና እግር ያስቆርጥ ነበር። እሱ ሲሞት አዲሱ ሱልጣን የሟቾቹን ወራሾችና አካላቸው የጎደለውን አስፈልጎ ካሳ ሰጣቸው፤ እነሱም ይቅር ብለናል ብለው በምስክር ፊት ጻፉ። ወረቀቶቹን ሣጥን ውስጥ ከትቶ በሟቹ መቃብር ራስጌ አስቀመጣቸው፤ እግዚአብሔር ይምረው ይሆናል ብሎ።

"እምቢ ማለት ይችሉ ነበር?" አሉኝ።

"ማንን? ሱልጣኑን?"

"ፈራሚዎቹ። አልጽፍም ያለ ነበር?"

"ታሪኩን የነገረን ሱልጣኑ ራሱ ነው። እምቢ ስላለ ሰው አልጻፈም።"

"አይጽፍማ" አሉ። ወንድማቸው ከዩኒቨርሲቲ ተወስዶ እንደቀረ አውቃለሁ። እሳቸውም አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁባቸውም። ያን ቀን ስወጣ ባሕር ዛፍ የሚሸት ነፋስ ነበረ፤ ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፕሌዘንተን ወርጄ ባለሀብቱን ቢሮው አገኘሁት። ሰውዬውን እዚያው ተዋቸው አልኩት። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሁለቱን ክፍል ብትተውላቸው ምን ይጎድልሃል አልኩት።

"እትዬ፣ ከተማው አይፈቅድም" አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። "መኖሪያ ተብሎ ያልተፈቀደ ቤት ነው። እሳት ቢነሣ መውጫው አንድ በር ነው። ኢንሹራንሱም አይሸፍንም። ዛሬ ዝም ብያቸው ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን እላለሁ? ሳን ሆዜ ባለኝ ቤት ክፍል ልስጥዎት፣ በነጻ፣ ብያቸው ነበር። ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ?"

"ምን አሉህ?"

"አላውቅህም። በእንግሊዝኛ።"

"አያውቁህማ።"

"እንዴት ይወቁኝ? በሩን ሳይከፍቱልኝ?" ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። "እናቴ የሞተችበትን ቤት የሚመስል ቦታ ውስጥ ስንት ሽማግሌ አለ መሰልዎት? በየቀኑ እኮ ነው የሚደወልልኝ። ለአንድ ሰው ብዬ ያን ሁሉ ልተወው?"

"ቢያንስ ቅሬታ የለኝም የሚለውን አውጣው" አልኩት።

"ጠበቃው ነው የጻፈው።"

"ጠበቃው ያንተ ነው።"

ስልኩን አንሥቶ እኔ ፊት ደወለ። ጠበቃው ሁልጊዜ የሚገባ አንቀጽ ነው፣ አይነካም አለ። ባለሀብቱ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋና በእጁ ምን ላድርግ የሚል ምልክት አሳየኝ። መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ፤ በሩንም ከፍቶ ያዘልኝ።

ሥራው ከፊት ለፊት በኩል ተጀመረ። ኮንትራክተሩ ኋላ ያሉት ሰው እንዳይረበሹ ተብሎ ፕላስቲክ ጋርዶ ነበር፤ አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ግን አቧራውን ፕላስቲክ አያቆመውም። ጋሼ የቆየ የሳንባ ሕመም ነበረባቸው። ሳላቸው እየባሰ ሄደ። አንድ ጠዋት ስደውል አላነሡም፤ ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ ደወለችልኝ። የምትኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ የሆቴል ክፍል አጽጂ ናት። አጎቷ መተንፈስ ሲያቅታቸው እሷ ጋ ደውለው ሐኪም ቤት አድርሳቸዋለች። ሲወጡም ወደ ፍሩትቬል አልመለሰቻቸውም፤ ሁለተኛውን መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸውና ልጇ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ።

ውሉን የፈረሙት እዚያ፣ ኩሽናዋ ውስጥ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ነይልኝ ብለው አስጠርተውኝ ነበር። ገጹን አገላብጠው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ዓረፍተ ነገሩ ላይ አሳረፉ።

"ይህቺን በአማርኛ በይልኝ። እንዴት እንደምትሰማ ልስማት።"

"ምንም ቅሬታ የለኝም" አልኩ።

"በአማርኛ ይብሳል" አሉና ፈረሙ።

የእህታቸው ልጅ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ዕቃቸውን ከፍሩትቬል ያወጣነው እሷና እኔ ነን። መጻሕፍቱ ሳን ሆዜ ያለው ክፍል ውስጥ አይገቡም። ባለሀብቱ ሰምቶ ለማዕከሉ ቢሰጡን በስማቸው መደርደሪያ አሠራለሁ ብሎ በእኔ በኩል ጠየቃቸው። ለማንም ስጪያቸው፣ ለእዚያ ቤት ግን አይሁን አሉኝ። ግማሾቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ግማሾቹን የሚወስድ ሰው አላገኘሁም።

ለግድግዳው የሚሆነውን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ሰርዣለሁ። በዴሊ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የሠሪውን ስም እያነሡ ዕድሜውን ያርዝመው የሚሉ ናቸው፤ እንደነሱ መጻፍ አልቻልኩም። በመጨረሻ ለባለሀብቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት። የመጀመሪያው፣ ይህ ቤት በእናቱ መታሰቢያነት ለአረጋውያን መሰብሰቢያ እንዲሆን እንደተሠራ ይናገራል። ሁለተኛው፣ ከዚያ በፊት ይህ ቤት የሶፋ ማደሻ ሱቅና የአንድ ሰው መኖሪያ እንደነበረ ይገልጻል።

አዳራሹ ውስጥ፣ አዲስ ቀለም እየሸተተን፣ ቆሞ አነበበው።

"እትዬ፣ ሁለተኛው ለማን ነው?"

"ለሚያነበው።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እብነ በረዱ ሲመጣ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላስረዳኝም። የተቀረጸው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ሰዎች አነበቡትና ምንኛ ያማረ አማርኛ ነው አሉኝ።

ቤቱ ጥሩ ቤት ሆኗል። ይህን ካልተናገርኩ አድላሁ ማለት ነው። ከቤት የማይወጡ የነበሩ ሴቶች በባቡር ይመጣሉ። ነርሷ አማርኛ ትናገራለች። በስልክ ብቻ አገኛት የነበረች አንዲት ጓደኛዬ፣ ደም ግፊቷ ሳይታወቅ ከፍ ብሎ የተገኘው እዚያ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለችው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። እኔም ረቡዕ ረቡዕ ታሪክ እናገራለሁ። ስለ ሱልጣኑ ሲጠይቁኝ አሁን ምዕራፉን አልዘልም። አንዳንዶቹ ይሰማሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ታዲያ ሆስፒታሉን መሥራቱ አይሻልም ወይ ይሉኛል። ይሻላል እላለሁ።

ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ጋሼን ጠይቄ ስወጣ፣ የእህታቸው ልጅ ውጭ ድረስ ልሸኝዎት ብላ ከአፓርትመንቷ አብራኝ ወረደች። አጎቷን ሐኪም ቤት በማመላለስ ሆቴሉ ሰዓቷን ቀንሶባታል። ትንሽ አመነታችና፣ "እትዬ፣ እዚያ ቤት ወጥ ቤት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ነበር" አለችኝ። "ነውር ካልሆነ ይጠይቁልኛል?"

"አጎትሽ ምን ይላሉ?"

"አላማከርኩትም። ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ።"

ጠየቅሁላት። ባለሀብቱ ማን እንደሆነች ሲሰማ አንድ ቃል ሳይጨምር በማግስቱ ትምጣ አለ። ሆቴሉ ከሚከፍላት የተሻለ ይከፍላታል፤ የጤና ኢንሹራንስም ሰጣት። ኩሽናው ያለው የአጎቷ መኝታ ክፍል በነበረበት በኩል ነው። ይህን ታውቃለች፤ ዕቃውን ያወጣነው አብረን ነው። ጠዋት በባቡር መጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እስከዚያ ጋሼ ሳን ሆዜ ብቻቸውን ይውላሉ። ስችል እየሄድኩ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። የት እንደምትሠራ ነግራቸዋለች፤ እሺ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም።

ስትመለስ ደክሟት ሁለተኛ ማብሰል ስለማትችል፣ ከምሳው የተረፈውን በዕቃ ይዛላቸው ትሄዳለች።

"ይበላሉ?" አልኳት በቀደም ዕለት፣ ማዕከሉ ውስጥ ድስቱን ስታጥብ።

"ይበላል።"

"ምን ይላሉ?"

"ጨው በዝቷል ይላል።" ድስቱን ገለበጠችው። "ለዚህ ሁሉ ሰው እየሠራሁ እሱን ማስደሰት አልቻልኩም። አሁን ጨው ሳልጨምር አስቀድሜ የሱን ድርሻ ቀንሼ ለብቻ አስቀምጣለሁ።"